በደወሉ ማማ ላይ የተጠራ ስም

ኖርሚታ ወደ ቪጋን ከተማ የገባችው በጎብኚ ወግ ነው። ሰፊ የሣር ባርኔጣ አድርጋ፣ ስልኳን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የስድስት ዓመት ልጇን ሚራሶልን በእጇ ይዛ ከማኒላው አውቶቡስ ስትወርድ፣ ላያት ሰው ሁሉ የስፔን ዘመን ቤቶችን አይታ፣ ፎቶ ተነሥታ፣ ቋሊማ ገዝታ የምትመለስ ሴት ትመስል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ኖርሚታ የመጣችው ልጇን የምትተውበትን ቤት ልትሰልል ነው።

ሆንግ ኮንግ ሰው ቤት ተቀጥራ ልትሠራ ነበር። ኤጀንሲው ተቀብሏታል፤ ውሉ የሁለት ዓመት ነው። መርከበኛው ባሏ ዊልፍሬዶ ካቻምና በሰው አገር ወደብ ታሞ እዚያው ሞቷል። እናቷ በሕይወት የሉም። ደቡብ ባታንጋስ ያለችው እህቷ አራት ልጆችና አንድ ሰካራም ባል አላት፤ እዚያ ቤት ሴት ልጅ አስቀምጦ ባሕር መሻገር ለኖርሚታ ልጅን በገዛ እጅ ገደል እንደ መክተት ነው። የቀረው አንድ በር ብቻ ነው፤ ዊልፍሬዶን ያሳደጉት የአክስቱ የናና ፓሲንግ ቤት።

እንቅልፍ የነሳትም ይኸው በር ነው። ናና ፓሲንግ ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው። በየገናው እየደወሉ፣ "ልጅቷን ላኪልኝ እንጂ፤ ትምህርት ሲዘጋ እንኳ እኔ ጋ ትክረም" ይላሉ። ኖርሚታ አንድም ጊዜ አልላከችም። አንዲት አሮጊት የሰው ልጅ ይህን ያህል አጥብቀው የሚፈልጉት ለምንድን ነው? ደግሞ የሰሜን ሰው፣ ኢሎካኖ ናቸው። ኢሎካኖ በእጁ ጥብቅነት አገር ያወቀው ነው፤ ያለ ምክንያት የሚበላ አፍ ወደ ቤቱ አይጠራም። ሁለት ዓመት ሠርቼ ስመለስ ልጄ ልጄ ሆና ትጠብቀኝ ይሆን? ወይስ በር ዘግተው "የማን እናት ነሽ?" ይሉኝ ይሆን? ይህን እያሰበች ስንት ጊዜ ከአልጋዋ ተነሥታ ተቀምጣለች።

ስለዚህ ለማንም ሳትናገር ዘዴ ዘየደች። "ለጉብኝት እየመጣን ነው፤ ብቅ ብለን ሰላም እንልዎታለን" ብላ ደወለች። ቤታቸው ላለማደር ፔንሲዮን ያዘች። ሌላም የደበቀችው ነገር አለ። ዊልፍሬዶ በትዳራቸው ዘመን የአገሩን ቋንቋ አስተምሯታል፤ አጥርታ ባትናገረውም ትሰማለች። እንደማትሰማ ሆና ተቀምጣ፣ በፊቷ የሚያወሩትን ሁሉ ልትለቅም ቆርጣለች።

ከአውቶቡስ ጣቢያው የወሰዷት ታታ ኢሞ የሚባሉ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ባለጋሪ ነበሩ። ፈረሱ ድንጋይ በተነጠፈው መንገድ ላይ ኮቴውን እያንኳኳ መሄድ እንደ ጀመረ ዞር አሉ።

"ከየት ናችሁ ልጄ?"

"ከባታንጋስ።"

"ውይ! ቢላዋሽ የት ነው ያለው? በቦርሳሽ ነው በመቀነትሽ?"

"ባታንጋስ ሁሉ ቢላዋ አይዝም" አለች ኖርሚታ ኮስተር ብላ።

"አትቆጪ፣ ስቀልድ ነው። እኛንም በገብጋባነት ያሙን የለ? እኔ ራሴ መሳቅ ስፈልግ የሚስቅ ሰው አጠገብ ሄጄ ነው የምስቀው፤ ጥርሴ እንዳያልቅ።" ሚራሶል ሳቀች። ታታ ኢሞ ዞር ብለው አዩዋትና ልጓሙን ያዝ አደረጉ። "ጉድ! ይቺ ልጅ የዊልፍሬዶ ናት።"

"ማን ነገረዎት?"

"ግንባሯ ነዋ! ደሞ ናና ፓሲንግ እንደምትመጡ ነግረውኛል። አልጋውንም ከአናጢው ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በዚችው ጋሪ።"

"የምን አልጋ?"

"ሰፊውን ነዋ። ለልጅቷ ያሠሩትን። አይ፣ አልጋ! ፈረሴ እስከዛሬ ወገቡን ያመዋል።"

ኖርሚታ ሚራሶልን ወደ ጎኗ ሳበቻት። ለሦስት ቀን ጉብኝት የመጣች ልጅ ምን አልጋ ያስፈልጋታል? አልጋ የሚሠራው ለሚኖር ሰው ነው። በግራና በቀኝ ያሉት የጡብ ቤቶች፣ ዛጎል የተገጠመባቸው መስኮቶቻቸው ሁሉ ገርበብ ብለው ነበር፤ ከያንዳንዱ ጀርባ አንድ ሰው ቆሞ የሚያያት መሰላት።

ናና ፓሲንግ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ምርኩዝ የያዙ ሴት ናቸው። ኖርሚታን ጉንጯን ሳም አደረጉና ወዲያው ወደ ልጅቷ ዞሩ። ክንዷን ጨበጥ፣ ትከሻዋን ዳበስ፣ ጀርባዋን መታ መታ፤ በግ ሊገዙ ገበያ የወጡ ይመስሉ ነበር።

"ትበላለች?"

"ትበላለች" አለች ኖርሚታ።

"አይመስልም።"

ፎቅ ሲወጡ ወለሉ ሲጥ ሲጥ አለ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የዊልፍሬዶ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰሃን ሩዝና የተቀቀለ እንቁላል ተቀምጧል። ሚራሶል ጠጋ ብላ አየችው።

"ይህን ማን ነው የሚበላው?"

"አባትሽ" አሉ ናና ፓሲንግ። "ጉንዳኖቹም ያግዙታል።"

ባታንጋስም ለሙታን ሻማ ይበራል፤ ለሙታን እንቁላል እየቀቀሉ ከሕያው ልጅ ጋር ማዕድ ማጋራት ግን ሌላ ነው። ልጇን ከጠረጴዛው ሳብ አድርጋ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

ታታ ኢሞ ሻንጣውን ይዘው ሲገቡ ሽማግሌውና አሮጊቷ በራሳቸው ቋንቋ ማውራት ጀመሩ። ኖርሚታ መስኮት መስኮቱን እያየች ጆሮዋን ቀሰረች።

"ነገረችዎት?" አሉ ታታ ኢሞ።

"ገና ነው። እሷ አፏን እስክትከፍት እኔ ትንፍሽ አልልም። አንተም ያንን አፍህን ዝጋ።"

"አልጋውን እኮ ነገርኳት።"

"አንተ ሰውዬ! ከፈረሱ አንተን ነበር መለጎም።"

ኖርሚታ ፈገግ ብላ ወደ እነሱ ዞረች። "ቤቱ እንዴት ያምራል!" አለች። የሚደበቅ ነገር አለ። ያውም ስለ እሷ፣ ያውም ስለ ልጇ። ምግብ ሲቀርብ ከልጇ ሰሃን መጀመሪያ የቀመሰችው እሷ ናት።

በማግስቱ ናና ፓሲንግ እንደ ማንኛውም እንግዳ ተቀባይ ዘመድ ካላስጎበኘኋችሁ አሉ። ኖርሚታ እምቢ ብትል የጎብኚነት ወጓ ይፈርሳል፤ እሺ አለች። በታታ ኢሞ ጋሪ ወንዙን ተሻግረው፣ ጉብታው ላይ ወደቆመው ወደ አሮጌው የደወል ማማ ሄዱ። ናና ፓሲንግ በጉልበታቸው ምክንያት ታች ጥላ ሥር ቀሩ። ኖርሚታና ሚራሶል ወጡ። ከላይ ተራራውም ባሕሩም ይታያል፤ ጎብኚ ፎቶ ማንሳት አለበትና ኖርሚታ ስልኳን አወጣች። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው ዓይኗን ከልጇ ያነሳችው። በዚያች አፍታ የናና ፓሲንግ ድምፅ ከታች መጣ።

"ሚራሶል! ነይ ውረጂ፣ አይስክሬም መጥቷል!"

ልጅቷ እንደ ጥንቸል ዘለለች። ኖርሚታ "ቀስ!" ብላ ሳትጨርስ ከደረጃው ውስጥ የሚንደባለል ድምፅ ሰማች። ከዚያ ዝምታ።

ስትደርስ ሚራሶል መታጠፊያው ላይ ጡቡን ተደግፋ ተቀምጣለች። ክርኗ ተልጧል እንጂ ሌላ ቁስል የለባትም። ግን አታለቅስም። ዓይኗ ፈጥጦ ግድግዳውን ያያል። "ሚራሶል? የት ጋ ነው ያመመሽ? ንገሪኝ እንጂ!" ምንም መልስ የለም። ክሊኒክ ወሰዷት። ሐኪሙ እጅ እግሯን አገላበጠ፣ ዓይኗን በመብራት አየ። "የተሰበረ ነገር የለም፤ ደንግጣ ነው። ትረፍ" ብሎ የትኩሳት ሽሮፕ ሰጣቸው። ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ መጣ። ምግብ ሲያቀርቡላት ከንፈሯን ገጠመች። ቃል የሚባል ከአፏ አልወጣም።

ናና ፓሲንግ ፔንሲዮኑ ድረስ መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ልጅቷን ብዙ ጊዜ አዩዋት፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ትናንሽ ልጆች እንደዚህ ይሆናሉ። ትላንት... አይ፣ ዛሬ ጧት ለብሳው የነበረውን ቀሚስ ስጪኝ" አሉ።

"ለምን?"

"ነገ እመልሰዋለሁ።"

"ለምን እንደሚፈልጉት ነው የጠየቅኩዎት።"

"ብነግርሽ ትስቂያለሽ። የደቡብ ሰው ናችሁ።"

ኖርሚታ አልሳቀችም። በእሷ አገር የሰው ልብስ የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚያደርግበት ታውቃለች፤ የተወሰደበት ሰውም ምን እንደሚሆን ታውቃለች። "አጥቤዋለሁ" አለች።

"አጠብሽው?" ናና ፓሲንግ ከተቀመጡበት ተነሡ። "በሳሙና? ምነው ሳትጠይቂኝ!"

አንዲት አሮጊት የታጠበ ቀሚስ እንዲህ ያስደነግጣቸዋል? ኖርሚታ በሩን ከኋላቸው ዘግታ ወንበር አስደገፈችበት። ጠርተው ጣሏት፣ አሁን ደግሞ ልብሷን ይፈልጋሉ። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ ብላ ወሰነች። ሆንግ ኮንግ ይቅር አይቅር አላሰበችበትም፤ ብቻ ልጇን ከዚህ ከተማ ታውጣት።

ጧት ሻንጣውን ስትሸክፍ ወደ ጓሮ ወጣች። ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ካልሲው አለ፣ ፎጣው አለ፤ ቢጫው ቀሚስ የለም።

"ማናንግ ቴሲንግ!" ብላ የፔንሲዮኑን ባለቤት ጠራች። "የልጄ ቀሚስ የታለ?"

ማናንግ ቴሲንግ ሰሃን እያጠቡ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም። "ናና ፓሲንግ ወስደውታል።"

"እንዴት ይሰጣሉ? የሰው ዕቃ!"

"ምን ልበላቸው የኔ እህት? እኔንም እኮ በልጅነቴ የጠሩኝ እሳቸው ናቸው። በዚህ ከተማ ናና ፓሲንግን እምቢ የሚል የለም።"

"የት ሄዱ?"

"ወደ ማማው።"

"የጠሩኝ" ያሉት ምን ማለታቸው እንደሆነ ኖርሚታ ለመጠየቅ አልቆመችም። ከተማው ሁሉ አንድ ነው ማለት ነው፤ ባለጋሪው፣ ማናንግ ቴሲንግ፣ ሁሉም። ሚራሶልን ለማንም ልትተዋት አልቻለችም። የምታምነው ሰው የለማ! ትኩሳቱ ገና ያልለቀቃትን ልጅ በጀርባዋ አዝላ ባጃጅ ያዘችና ወደ ማማው በረረች።

የታታ ኢሞ ጋሪ ከጉብታው ሥር ቆሟል። ሽማግሌው ሲያዩዋት ከመቀመጫቸው ዘለው ወረዱ።

"ልጄ፣ አሁን አትውጪ። ሥራ ላይ ናቸው።"

"የምን ሥራ?"

"ትንሽ ጠብቂ። ጨርሰው ይወርዳሉ። ለልጅቷ ብለው እኮ ነው በዚያ ጉልበታቸው..."

"ዞር በሉ!"

"ኧረ ቢላዋው እውነት ነው መሰለኝ" አሉ ታታ ኢሞ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ።

ማማው ውስጥ ጨለም ይላል፤ የእርጥብ ጡብና የእርግብ ኩስ ይሸታል። ኖርሚታ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ በደረቷ ታቅፋ የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች እንደወጣች፣ ድምፁ ከላይ መጣ።

"ሚራሶል!"

ኖርሚታ ቆመች። የልጇ ስም በጡቡ ውስጥ እየዞረ ወረደ።

"ሚራሶል! ነይ ልጄ፣ እንሂድ። እዚህ አትቅሪ።"

እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ያስተማሯት አንድ ነገር ነበር። የማታዪው ነገር በስምሽ ሲጠራሽ አትመልሺ፤ "አቤት" ካልሽ ሄድሽ። ሚራሶል በእቅፏ ውስጥ ስትነቃነቅ ተሰማት። ልጅቷ ራሷን ከትከሻዋ አነሣች፤ ከትላንት ጀምሮ ፈጥጠው የነበሩት ዓይኖቿ ወደ ላይ ዞሩ፤ ከንፈሯም ተላቀቀ። ኖርሚታ አፏን በመዳፏ ከደነችው።

"ነይ እንጂ!" አለ ድምፁ። "እዚህ ያለው ደወልና እርግብ ብቻ ነው፤ ለልጅ የሚሆን ነገር የለውም። እናትሽ ትጠብቅሻለች። ወደ እናትሽ ነይ።"

ኖርሚታ ጆሮዋን አላመነችም። "ወደ እኔ ነይ" ነበር የጠበቀችው። አውቶቡሱ ውስጥም፣ ሌሊቱን ሙሉም ይህንኑ ነበር ስትጠብቅ የነበረው። መዳፏ ግን ከልጇ አፍ አልተነሣም፤ ፍርሃት ከሰማው ነገር ቶሎ አይማርም።

"ሚራሶል፣ የኔ እመቤት" አለ ድምፁ፤ አሁን እያለከለከ። "ጉልበቴን አትግደይው። አንድ ጊዜ ነይልኝ።"

ሚራሶል እናቷን ነከሰቻት። ኖርሚታ "ውይ!" ብላ እጇን ስታነሳ ልጅቷ አፏን ከፍታ በሙሉ ድምጿ ጮኸች።

"አቤት!"

ከላይ አንድ ምርኩዝ ከደረጃ ደረጃ እየተላተመ፣ እየነጠረ መጥቶ ኖርሚታ እግር ሥር ወደቀ።

"በስመ አብ!" አለ የናና ፓሲንግ ድምፅ፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። "ማነው? ማነው ያለው?"

"እኔ ነኝ! ሚራሶል! ርቦኛል!"

ኖርሚታ ምርኩዙን አንሥታ ወጣች። ናና ፓሲንግ ከደወሉ በታች ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ቢጫው ቀሚስ ጭናቸው ላይ ነው።

"ልትገድይኝ ነው አንቺ ልጅ?" አሉ ደረታቸውን ይዘው። "በዕድሜዬ ስንቱን ጠርቻለሁ፤ አንድም አፍ አውጥቶ የመለሰልኝ የለም!"

ሚራሶል ሳቀች። ኖርሚታ ግን ምርኩዙን አልሰጠቻቸውም። "ምን እያደረጉ ነው?"

"የማደርገውን አላየሽም? ልጅ ሲደነግጥ ነፍሱ እደነገጠበት ቦታ ትቀራለች። ካልጠራሻት መንገዱን በምን ታውቀዋለች? ልብሷን ይዤ የመጣሁት ጠረኗን ለይታ እንድትከተል ነው። አንቺ ደሞ በሳሙና አሽተሽ! ለዚያ ነው እንደዚህ ያለፋችኝ።"

"ያስደነገጧት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ባይጠሯት አትሮጥም ነበር።"

"እኔ ነኝ" አሉ ናና ፓሲንግ። "ታዲያ በዚህ ጉልበቴ የወጣሁት ለመዝናናት መሰለሽ? የጠራት ሰው ነው ሄዶ የሚያመጣት።"

ኖርሚታ ግን ነገሩን እንደዋዛ መልቀቅ አልሆነላትም። "ለምን ወደ እኔ ጠሯት?"

"ወደ ማን ልጥራት?" ካሉ በኋላ አሮጊቷ ዓይናቸውን አጠበቡ። "ቆይ እስቲ። የጠራኋት በኢሎካኖ ነው። ለካ ትሰሚያለሽ!"

የኖርሚታ ፊት ቀላ። "ዊልፍሬዶ አስተምሮኛል።"

"እኔ እኮ የኔ ልጅ ሚስቱን ቋንቋ ሳያስተምር ሞተ ብዬ ስታዘበው ነበር! ታዲያ ከኢሞ ጋር ያወራነውንም ሰምተሻላ?"

"ሰምቻለሁ። የምትደብቁት ነገር አለ።"

"የምትደብቂውስ አንቺ ነሽ። ሆንግ ኮንግ ልትሄጂ ነው።" ኖርሚታ ደነገጠች። "የዊልፍሬዶ የአጎት ልጅ ማኒላ ኤጀንሲው በር ላይ አይታሻለች። አፍሽን ከፍተሽ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።"

"ለዚህ ነዋ አልጋ ያሠሩት! ሁሉን አዘጋጅተው፣ ልጄን ሊወስዱ..."

"አልቀበላትም።"

"ምን አሉ?"

"ብቻዋን አልቀበላትም አልኩ። ጥለሻት ልትሄጂ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጊ።"

ኖርሚታ ግድግዳውን ተደገፈች። የመጣችበትን መንገድ ሁሉ "አይወስዱብኝ ይሆን?" እያለች ነበር የመጣችው። "አልወስድም" የሚል ሰው ይገጥመኛል ብላ ለአንድ ደቂቃ አላሰበችም። ይህኛውም አስቆጣት። "የኔ ልጅ ምን ጎደላት?"

"ምንም አልጎደላት። ዊልፍሬዶም እናቱ እኔ ጋ ትታው ስትሄድ ይቺን ነበር የሚያክለው፤ ሪያድ ሰው ቤት ልትሠራ። ስትመለስ ይህን ያህል ሻንጣ ይዛ በራችን ላይ ቆመች። ልጁ በሩን ከፈተና፣ 'ማንን ፈልገው ነው?' አላት። እናቱን! እህቴ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ በአንድ ቤት ኖሩ እንጂ እናትና ልጅ አልሆኑም።" ናና ፓሲንግ ቀሚሱን በእጃቸው አለሰለሱት። "እኔ ሁለተኛ እንደዚያ ያለ ነገር በሬ ላይ ማየት አልፈልግም። አልጋው ሰፊ የሆነው ለሁለት ሰው ስለሆነ ነው።"

"ለሁለት?"

"ለአንቺና ለእሷ። ፈረሱም ወገቡን ያመመው ለዚያ ነው።"

ኖርሚታ ሚራሶልን አየቻት። ልጅቷ ጡቡ ውስጥ ያለ ቀዳዳ ላይ ጣቷን ከታ የሆነ ነገር ትፈልጋለች፤ ጉንጯ ላይ ቀለም ተመልሷል። እንደዚህ ያለ ግብዣ ከሰማይ አይወርድም፤ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር አለበት።

"ከኔ ምን ይፈልጋሉ?"

"ኤምፓናዳዬን የሚጠብስ ሰው። ፕላዛው ላይ ስጠብስ ነው ዕድሜዬ ያለቀው፤ ጉልበቴም እዚያው ነው ያለቀው። እኔ እሊጡ ውስጥ ፓፓያና ቋሊማውን ተቀምጬ እሞላለሁ፣ አንቺ ዘይቱ ላይ ትቆሚያለሽ።"

"ገረድ ነዋ የሚፈልጉት።"

"ሆንግ ኮንግስ ልትነግሺ ነው የምትሄጂው?"

ኖርሚታ ሳታስበው አፍንጫዋ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ተኮሳተረች። "የእንቁላሉ ነገርስ? ለዊልፍሬዶ የሚያስቀምጡት። ልጄ ከሙታን ጋር እንድትበላ አልፈልግም።"

"እሱን ማንም አልጠራውም" አሉ ናና ፓሲንግ። "በዚያ ሩቅ ወደብ ሲሞት 'ዊልፍሬዶ፣ ና እንሂድ፣ እዚህ አትቅር' ያለው ሰው የለም። እኔ ከደጄ ሆኜ እጠራለሁ፤ ግን ሩቅ ነው፤ ይሰማ አይሰማ አላውቅም። ስለዚህ ምናልባት ቢመጣ ርቦት ይሆናል እላለሁ። አንቺ የሬሳ ሳጥኑን ስትቀበዪ ጠርተሽዋል?"

"አላውቅም ነበር" አለች ኖርሚታ። ሳጥኑን የተቀበለችው በአውሮፕላን ማረፊያው የዕቃ መጋዘን ነበር፤ እየፈረመች፣ ሚራሶል እያለቀሰች። ምን እንዳለች እንኳ አታስታውስም።

ቁጭ አለች፤ ከናና ፓሲንግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ። ምርኩዙን ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ቢጫውን ቀሚስ ለሚራሶል ከላይ ደረቡላት፤ ልጅቷ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ተባበረቻቸው፤ ኖርሚታም አልከለከለቻቸውም።

"እስከ ዓርብ እንቆያለን" አለች በመጨረሻ። "ማየት ያለብኝን አያለሁ።"

"እይ።"

"ከኔ ጋር ነው የምትተኛው።"

"ነገርኩሽ እኮ።"

"የምትበላውን መጀመሪያ እኔ እቀምሳለሁ።"

"ቅመሺ። ሆምጣጤ በዛበት ትያለሽ፤ ከደቡብ የመጣ ሁሉ ይላል።"

"እኔ በሌለሁበት ደግሞ ስሟን አይጠሩም። ለምሳም ቢሆን፣ ለአይስክሬምም ቢሆን።"

ናና ፓሲንግ በምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው አዩዋት። "አንቺ የማትኖሪው መቼ ነው?"

ኖርሚታ አፏን ከፈተች። መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ ሁለት ዓመት፣ ኤጀንሲው፣ ውሉ። ሚራሶል አጠገባቸው መጥታ የናና ፓሲንግን ጉልበት በጣቷ ነካ አድርጋ "እዚህ ጋ ነው የሚያምዎት?" ብላ ትጠይቃለች።

"እኖራለሁ" አለች ኖርሚታ።

ከታች የታታ ኢሞ ድምፅ መጣ። "እናንተ! እዚያው ልታድሩ ነው? ፈረሱን ፀሐይ በላው!"

ኖርሚታ ተነሣች። ጠባቡ ደረጃ ላይ አሮጊት የሚያወርድ ሰው ከፊት ሆኖ ነው የሚደግፈው፤ ስለዚህ በአንድ እጇ ልጇን ይዛ ቀደመች፣ ትከሻዋንም ለናና ፓሲንግ ሰጠቻቸው። የአሮጊቷ መዳፍ ከባድ ነበር። ኖርሚታ በየመታጠፊያው ሁሉ ዞር እያለች እያየቻቸው ወረደች።